የአንጎል ቀኝና ግራ፤ የበሽተኛውም ድምፅ

በእንጦጦ ተራራ ወደ ጠበሉ ከሚወጣው ሕዝብ መካከል፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ የሚል በሽተኛ አይታጣም። ድምፁ ያዝዘዋል፣ ይሰድበዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ሆኖ ስለ እርሱ ይነጋገራል። ዘመዶቹ ርኩስ መንፈስ ነው ይላሉ። በየካ ኮተቤ ሆስፒታል ያለው ሐኪም ግን ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ደዌ እንዳይሆን ይመረምራል።

የሰው አንጎል ቀኝና ግራ ሆኖ የተከፈለ ነው። በ1861 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ መናገር ተስኖት የሞተውን ሰው አንጎል ቢመረምር ጉዳቱን በግራው ግንባር በኩል አገኘው። ቀኝ እጃቸውን ከሚያዘወትሩ ሰዎች ከመቶ 95 ያህሉ ንግግራቸው በግራው ይመራል። ቀኙም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም፤ በድምፅ ውስጥ ያለውን ቁጣና ርኅራኄ ይለያል። ሰምና ወርቅን ለመለየት ይረዳ እንደ ሆነ ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ፤ የቅኔ መምህራንን ቢጠይቁ ሳይሻል አይቀርም።

ይህ የግራው ብልጫ በብዙ የስኪዞፍሬንያ በሽተኞች ዘንድ ቀንሶ ይገኛል። በ2001 የሆላንድ አጥኚዎች በማግኔት መሣሪያ ሲመለከቱ፣ ነገሩ የመጣው ግራው ስለ ደከመ ሳይሆን ቀኙ ከልክ በላይ ስለ ሠራ ሆኖ ታያቸው። በ2008 ደግሞ 24 በሽተኞች ድምፁ በሚሰማቸው ሰዓት ቢመረመሩ፣ ከሁሉ ይልቅ የነቃው የቀኙ ግንባር ክፍል ሆነ። ግራው የተጐዳበት ሰው በቀኙ የሚያወጣው ንግግር አጭርና ተደጋጋሚ፣ ብዙ ጊዜም ስድብ ነውና፣ አጥኚዎቹ የበሽተኞቹን ድምፅ ከዚሁ ጋር አመሳሰሉት። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በሁሉም ላይ ስለማይታይ፣ በዚህ ምስል ብቻ በሽታውን መለየት አይቻልም።

እንግዲህ በሽተኛው ሰማሁ ሲል አይዋሽም፤ አንጎሉ በእውነት ንግግር እየሠራ ነው። ውሸታም ማለትም በሰንሰለት ማሰርም ድምፁን አያስተወውም፤ የሚያስታግሰው መድኃኒት ግን አለ። ክፉው ነገር ጠበል የገባ ሰው ክኒኑን እንዲተው መደረጉ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መክረው ነበርና፣ ለአእምሮ ሕሙማንም ይኸው ምክር ይገባል። መድኃኒቱን የተወ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ደኅና መስሎ ይሰነብታል፤ ዘመዶቹም ዳነ ብለው ይዘውት ከተራራው ይወርዳሉ። ድምፁ የሚመለስበት ከቤቱ ከገባ በኋላ ነው።