ከመቆፈር በፊት መሬቱን ማዳመጥ፤ የድምፅና የንዝረት ልኬት በጣና ሐይቅና በደንቢያ ሜዳ

በኮላ ድባና በዙሪያዋ በሚገኙ ቀበሌዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለበጋ መስኖ የሚሆን ጉድጓድ ለመቆፈር ሲነሡ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «የት ላይ እንቆፍር?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጥቂት ሜትር እንደተወረደ ጥቁር ድንጋይ ሊያጋጥም ይችላል፤ ወይም አፈሩ ጨቅይቶ እየታየ ወደ ጉድጓዱ የሚጠራቀም ውሃ ሳይኖር ይቀራል። በዚህ ጊዜ የማኅበሩ ገንዘብና የአባላቱ ጉልበት እዚያው ይቀበራል። የመሬትን ውስጥ ሳይቆፍሩ በንዝረት የመመርመር ዘዴ ይህን ኪሳራ ሊቀንስ ስለሚችል፣ አሠራሩንና በተለይም የሚያሳስትበትን ቦታ ለልማት ሠራተኞች ለመግለጽ እንወዳለን።

ዘዴው ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ጎታውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው እህሉ እስከ የት እንደጎደለ በድምፁ ይለያሉ። መሣሪያውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጊዜውን በሺህኛ ሴኮንድ መቁጠሩ ላይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር፣ በውሃ ውስጥ ደግሞ ወደ 1,500 ሜትር ይጓዛል። በደረቅና ልል አፈር ውስጥ ከ200 እስከ 500 ሜትር ብቻ ሲሄድ፣ ባልተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ፍጥነቱን ያወቀ ሰው ሞገዱ በምን ዓይነት ንጣፍ ውስጥ እንዳለፈ መገመት ይችላል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ምሳሌ ከደጃችን ነው። በእንግሊዛዊ ስሙ ሄንሪ ላም የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጣና ሐይቅ ላይ ከጀልባ ወደ ታች የድምፅ ሞገድ እየላኩ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ መዘገቡ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ሐይቁ በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ስለሆነ ድምፁ ወርዶ ለመመለስ 19 ሺህኛ ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ሞገዱ ሁሉ ከሐይቁ ወለል ላይ አልተመለሰም። ከፊሉ ለስላሳውን ደለል ዘልቆ ከሥሩ ካሉ አራት ጠንካራ ንጣፎች እየነጠረ መጣ። ከዳር አካባቢ በቱቦ የወጣው የአፈር ናሙና የላይኛው ጠንካራ ንጣፍ ደርቆ የጠጠረ ደለል መሆኑን አሳየ። በንጣፉ ላይም ወንዝ የቦረቦረው ቦይ ይታያል። በጥልቁ ቦታ ደግሞ ከጠጠረው አፈር በላይ የበሰበሰ የረግረግ ዕፅዋት ቅሪት ተገኘ። ይህም ማለት ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ሥፍራ ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ ከዚያም ደንገል የበቀለበት ረግረግ ሆነ። ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። ድምፁ ብቻውን ይህን ሁሉ አልተናገረም። ማሚቶው «እዚህ ጠንካራ ነገር አለ» አለ፤ ጠንካራው ነገር ምን እንደሆነ የተናገረው ግን ናሙናው ነው። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን።

በየብስ ላይ ሥራው የሚከናወነው በመዶሻ ነው። ጠፍጣፋ ብረት መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ጂኦፎን የሚባሉት ንዝረት ተቀባዮች በቀጥታ መሥመር በየጥቂት ሜትሩ ይተከላሉ፤ ከዚያም ብረቱ ይመታል። በቅርብ ላሉት ተቀባዮች ቀድሞ የሚደርሰው በላይኛው አፈር ውስጥ የሚሄደው ሞገድ ነው። ራቅ ላሉት ግን ወደ ታች ወርዶ በፈጣኑ ንጣፍ ላይ የሄደው ይቀድማል። በጭቃ አቋርጦ ገበያ የሚሄድ ሰው ዞሮ በጥርጊያ መንገድ በመጣው እንደሚቀደም ማለት ነው። ለምሳሌ የላይኛው አፈር ፍጥነት 400፣ የታችኛው 1,500 ሜትር ሆኖ፣ የታችኛው መቅደም የሚጀምረው ከመምቻው 12 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ ሁለተኛው ንጣፍ በ4 ሜትር ተኩል ጥልቀት ላይ እንዳለ በስሌት ይገኛል። 10 ሜትር ወደ ታች ለማየት ግን መሥመሩ ቢያንስ 40 ሜትር መርዘም ይኖርበታል።

አሁን ወደ አሳሳቹ ነገር እንመጣለን። በሴኮንድ 1,500 ሜትር የሚል ውጤት ሲታይ «ውሃ ተገኘ» ብሎ ቁፋሮ መጀመር በደንቢያ ሜዳ ላይ አደገኛ ነው። ፍጥነቱ የሚነግረን በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ መሞላቱን ብቻ ነው። ዋልካ አፈር ብዙ ውሃ ይይዛል፤ የያዘውን ግን አይለቅም። ውሃ የጠገበ አሸዋና ውሃ የጠገበ ዋልካ በመሣሪያው ላይ ተቀራራቢ ቁጥር ሲሰጡ፣ አንደኛው ጉድጓድ ማሳ ያጠጣል፤ ሌላው አንድ ባልዲ ለመሙላት ያስጠብቃል። ለእኛ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው ከዋልካው ሥር የተሰነጣጠቀና የተፈረካከሰ ጥቁር ድንጋይ ሲገኝ ነው፤ ፍጥነቱም አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ከጠገበው አፈርና ከጠጣሩ ድንጋይ መካከል ይሆናል። በተጨማሪም ከጠጣር ድንጋይ በታች ልል ንጣፍ ቢኖር ይህ ዘዴ ጨርሶ አያየውም።

የወቅት ነገርም አለ። ዋልካው በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ንዝረቱን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ተቀባዮቹን ስንጥቁ በማይበዛበት በማሳ ዳር ወይም በእግር መንገድ ላይ መትከል ይሻላል። በአጠገቡ የሚሠራ ወፍጮ ቤት ወይም የሚያልፍ የከብት መንጋ መዝገቡን ያበላሻል። ነፋስ እንኳ ይበቃል፤ ማለዳ ላይ መሥራት የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

መሣሪያው ውድ ስለሆነ በየወረዳው ይገኛል ብለን አንጠብቅም። የልኬት ቡድን እስኪመጣ ድረስ ግን የልማት ሠራተኛው ሊያዘጋጀው የሚገባ ነገር አለ። በቀበሌው ያሉ ነባር ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው ስንት ሜትር እንደሆኑ፣ በስንተኛው ሜትር የአፈሩ ቀለም እንደተለወጠ፣ ድንጋይ የት እንዳጋጠመ ከቆፋሪዎቹ ጠይቆ ይመዝግብ። ውሃው እጅግ በሚቀንስበት በሚያዝያ ወር ውሃው በምሽት ተቀድቶ እንዲያልቅ ያድርግና፣ በማግሥቱ ጧት ስንት ክንድ እንደሞላ በገመድ ይለካ። ይህ መዝገብ ለቡድኑ ሲሰጥ በመሣሪያው ላይ የሚታየው ቁጥር የየትኛው አፈር እንደሆነ ለመለየት ያስችላል። ልኬቱም መጀመሪያ ጥልቀቱ በታወቀ አንድ ነባር ጉድጓድ አጠገብ ተደርጎ፣ ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ወደመረጠው አዲስ ቦታ ይሂድ።