ቁራው ያውቃችኋል፤ እናንተስ?

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በቁራ ወሬ አሰልችቼ ጨርሻለሁና ተራው የእናንተ ነው። ቡናው እስኪፈላ ስሙኝ።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2006 አስፈሪ ጭንብል ያጠለቀ ሰው 7 ቁራዎችን አጠመደ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ጭንብሉ በዋሻ ይኖር የነበረ የጥንት ሰው ፊት ነው። ሰውየው ወፎቹን አልገደለም፣ አላቆሰለም። እግራቸው ላይ መለያ ቀለበት አሰረና ለቀቃቸው። እኛ ብንሆን ማታውን ረስተነው እናድር ነበር። ቁራዎቹ ግን አልረሱም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጭንብሉ በግቢው ብቅ ባለ ቁጥር ቁራዎች ከየዛፉ እየተጠራሩ ይመጡና ከአናቱ በላይ እየዞሩ ይራገሙት ጀመር። የጥናቱ መሪ ፕሮፌሰር ጆን ማርዝለፍ አንድ ቀን ጭንብሉን አጥልቆ ሲዞር ካገኛቸው 53 ቁራዎች 47ቱ ጮኹበት። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የተያዙት 7 ናቸው። ሰባቱም በዚያ ቀን እዚያው ነበሩ ብንል እንኳ፣ የቀሩት 40 ምን ተበድለው ነው የሚራገሙት?

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ትንሽ አቆያለሁ፤ መጀመሪያ መጠራጠር ያለብንን እንጠራጠር።

“ጭንብል ያጠለቀ ሰው ማንንም ወፍ አያስደነግጥም ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። ማርዝለፍም አስቦበታል። ለማነጻጸሪያ ሌላ ጭንብል አዘጋጀ፤ የዲክ ቼኒን፣ የዚያን ጊዜውን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ፊት። በዚያ ዘመን የቼኒን ያህል ሰው የሚያጨቃጭቅ ፊት ጥቂት ነበር። ቁራዎቹ ግን ፖለቲካ አይከታተሉም። ቼኒ ምንም አላደረጋቸውምና በሰላም አሳለፉት። የዋሻውን ሰው ጭንብል ግን ሴት አጠለቀችው ወንድ፣ ወጣት አጠለቀው ሽማግሌ፣ ጩኸቱ ያው ነው። አካሄድና ቁመት አላታለላቸውም። ጭንብሉ ተገልብጦ ሲጠለቅ ደግሞ አንዳንዶቹ የራሳቸውን አናት ወደ ታች ዘቅዝቀው አዩት። ፊቱን በትክክል ለማንበብ ማለት ነው!

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። በየቀኑ ከምታልፉበት ዛፍ ላይ ከሚያርፉት ቁራዎች አንዱን ከሌላው ትለያላችሁ? እኔ አልለይም። አጥኚዎቹም ቀለበት የሚያስሩላቸው ለዚህ ነው። ቁራዎቹ ግን በሺዎች ከሚቆጠሩ ተማሪዎች መካከል አንዱን ፊት ነቅሰው ያወጣሉ። ከቁራ ጋር ዓይን ለዓይን ስንጋጠም የሚሰማን ያ ቅር የሚል ስሜት ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። እኛ የማናውቀው፣ እሱ ግን ለይቶ የሚያውቀን ጎረቤት አለን።

ይህን ከማርዝለፍ በፊት በራሱ ላይ ደርሶበት ያየ ሰው አለ። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት የእንስሳት ጠባይ ሊቃውንት አንዱ ነው። በቪየና አቅራቢያ፣ አልተንበርግ በሚባል መንደር፣ ጃክዶው የሚባሉትን ትናንሽ የቁራ ዘመዶች በቤቱ ጣራ ላይ ያረባ ነበር። ወፎቹ እንደ ቤተሰብ ያዩታል። አንድ ቀን ከዋና ሲመለስ እርጥብ ጥቁር የዋና ቁምጣውን ከኪሱ አወጣ። በዚያች ቅጽበት እነዚያ ወዳጆቹ በጩኸት ከበቡትና እጁን ይነክሱት ጀመር። ለምን? ከእጁ የተንጠለጠለው ጥቁር ነገር የሞተ ወንድማቸውን መሰላቸዋ! ሎሬንዝ እንደተረዳው፣ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ወፎቹ ሰውየውን ራሱን በጠላትነት ይመዘግቡታል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ እጁን ቢመጣም አይምሩትም።

ስለዚህ ጫጩቶቹ እግር ላይ ቀለበት የሚያስርበት ቀን ሲደርስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀንድና ጅራት ያለው የሰይጣን ልብስ ለብሶ ጣራው ላይ ወጣ። ቂሙ በሰይጣኑ ላይ ይሁን ብሎ ነው። የመንደሩ ሰው ከታች ቆሞ ሲያየው ምን እንዳለ እናንተው ገምቱ። ይህን ሁሉ የተረከበት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ “የንጉሥ ሰሎሞን ቀለበት” ይባላል። ንጉሡ የአዕዋፍን ቋንቋ ያውቅ ነበር እየተባለ ሲተረት ለሰማን ለእኛ ርዕሱ እንግዳ አይደለም።

የሎሬንዝ ቁምጣ ዛሬም በየሰፈሩ የሚያጋጥም ነገር ነው። ኬይሊ ስዊፍት የተባለች የማርዝለፍ ተማሪ በ2015 ባሳተመችው ጥናት፣ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች የሞተ ቁራ ይዘው እንዲቆሙ አደረገች። ቁራዎች ልቅሶ እንደተጠራ ዘመድ ተሰብስበው ጮኹ። ከዚያ ሰውየው ሬሳውን ሳይዝ ሲመጣም እስከ 6 ሳምንት ድረስ አወቁት። ወፎቹ የሚሰበሰቡት “ማን ገደለው? የትኛው ቦታ ነው አደገኛው?” ለማለት ጭምር መሆኑን ጥናቱ አሳየ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው በራፉ ላይ ሞቶ ያገኘውን ቁራ አንሥቶ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወስዳል። ሌላዋ ደግሞ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያገኘችውን ጫጩት “ወድቆ ነው፣ ላድነው” ብላ ታቅፋለች። ሁለቱም ደግ የሠሩ ይመስላቸዋል። ከላይ የሚያየው ዓይን ግን አንዱን ነፍሰ ገዳይ፣ ሌላዋን ሌባ ብሎ ይመዘግባል። በማግስቱ ጎረቤት በሰላም ሲያልፍ እነሱ ብቻ ሲመቱ “እኔ ምን አድርጌ ነው?” ይላሉ።

አሁን ወደ 40ዎቹ ልመለስ። ማርዝለፍና ባልደረቦቹ ጉዳዩን ለ5 ዓመት ተከታትለው በ2012 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል። መጀመሪያ አካባቢ በጭንብሉ ላይ የሚጮኹት ካጋጠሙት ቁራዎች ሩብ ያህሉ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ ደረሱ! ነገሩ እየተረሳ ሳይሆን እየተስፋፋ ነበር። ወፎቹ ከተያዙበት ቦታ 1.2 ኪሎ ሜትር ርቆም ጩኸቱ ተሰማ። ወሬው በሁለት መንገድ ነው የተዛመተው። አንደኛ፣ ቁራ ሲጮኽ ሌሎች ይሰበሰባሉ፤ ተሰብስበው የሚጮኽበትን ፊት ያያሉ፤ ያዩትን ይይዛሉ። ሁለተኛ፣ ወላጅ ለልጁ ያስተምራል። የአሜሪካ ቁራ ቤተሰብ ወዳድ ነው። ልጆች ክንፍ አወጣን ብለው ወዲያው አይሄዱም፤ ብዙዎቹ ዓመትና ከዚያም በላይ ከወላጆቻቸው ጋር ቆይተው ታናናሾቻቸውን ያሳድጋሉ። በዚህ ቤት ያደገ ጫጩት እናቱ ማንን እንደምትራገም እያየ ነው የሚያድገው።

እኛ “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ” እንላለን። ለቁራ ግን ይህ ተረት ግማሽ ነው። በቁራ መንደር ያልተወጋውም አይረሳም። በደሉ ሲፈጸም ከእንቁላል እንኳ ያልወጣ ወፍ፣ አድጎ ያንኑ ፊት ይራገማል።

“ታዲያ ይህ እውነት ቂም ነው? ወይስ እኛ ነን የራሳችንን ጠባይ በወፍ ላይ የምንጭነው?” ይህን የጠየቀ ብልህ ነው። የማርዝለፍ ቡድን በዚያው በ2012 ላሳተመው ሌላ ጥናት 12 ቁራዎችን ያዘ። ያጠመዷቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ጭንብል፣ ለ4 ሳምንት ያበሏቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ጭንብል አጥልቀው ነበር። ከዚያ ፊቶቹን አሳዩአቸውና የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ በምስል አነሡ። ያጠመዳቸውን ፊት ሲያዩ የተነቃቃው የአንጎል ክፍል፣ በእኛ አንጎል ውስጥ ፍርሃትን የሚያስተናግደው የአሚግዳላ አቻ ነው። የመጋቢያቸውን ፊት ሲያዩ የሠሩት ደግሞ ሌሎች ክፍሎች ናቸው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ቂም የምንለው ነገር ከሥሩ ሲታይ ፍርሃት መሆኑን ነው። ቁራው ደም ሊመልስ አይደለም የሚጮኸው፤ ልጆቹን “ይህን ፊት ተጠንቀቁት” እያለ ነው።

ከራስ በላይ እየተወረወረ ፀጉር የሚነጨውን ቁራ ሁሉ ግን ቂመኛ አንበለው። አብዛኛው ጥቃት የሚደርሰው በሰሜኑ አገሮች ጸደይና በጋ መግቢያ ላይ፣ ጫጩቶች ከጎጆ በሚወጡበት ሰሞን ነው። ያኔ መንገደኛ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ አንድ የኮሌጅ መምህር በ2016 ሰዎች የተመቱበትን ቦታ የሚያስመዘግቡበት ካርታ አዘጋጅቶ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስሞታቸውን አስፍረውበታል። እስራኤል ያላችሁም ግራጫ ካባ የደረበ የሚመስለውን ቁራ በጸደይ ወራት ታውቁታላችሁ። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ከሕንድ ምድር የመጣውን ቀጭኑን የቤት ቁራ በየዕለቱ ታዩታላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቁራ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ መጥቶ ነውና ዞር ብላችሁ እዩት፤ እየታየ መምጣት አይወድም። ጃንጥላ ዘርጉ፣ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል በሌላ መንገድ ሂዱ። መሬት ላይ ያለ፣ ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ቁራ ብታዩ አብዛኛውን ጊዜ የወደቀ ሳይሆን መብረር የሚለማመድ ጫጩት ነው፤ ወላጆቹ አጠገቡ አሉና አትንኩት። ከሁሉም በላይ ድንጋይ አትወርውሩ። ድንጋዩ የአንድ ጊዜ ነው፣ ፊታችሁ ግን ለዓመታት ይመዘገባል።

ደግሞም መዝገቡ የክፉ ብቻ አይደለም። ኦስትሪያ ውስጥ ትልልቆቹን ቁራዎች (እንግሊዝኛ በሌላ ስም ይጠራቸዋል፣ አማርኛ ሁሉንም ቁራ ይላል) ዳቦ በአይብ እንዲለውጡ አሠለጠኗቸው። አንዱ ሰው ዳቦውን ተቀብሎ አይቡን ይሰጣል። ሌላው ዳቦውን ይቀበልና አይቡን እዚያው ፊታቸው ላይ ራሱ ይበላዋል! ከአንድ ወር በኋላ ምርጫ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ወደ ሐቀኛው ሄዱ። እንደ ገበያ ደንበኛ ነው፤ አንዴ ሚዛን የሰረቃቸውን ነጋዴ ዳግመኛ አይረግጡትም።

እኛ አገር ያለውም ቁራ የዚሁ የብልሆች ዘር ነው። ስሜን ተራራ የወጣችሁ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን ባለ ወፍራም ምንቃሩን ቁራ አይታችሁታል፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ተልኮ የቀረን ሰው “የቁራ መልእክተኛ” እያልን ስናማው ኖረናል፤ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ቀረ በሚባለው ምክንያት። ሲያትልን ካወቅሁ ወዲህ ግን እጠራጠራለሁ። ያ ቁራ መልእክቱን ረስቶ የቀረ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት የታሪኩን መጨረሻ ሳነብ ነው። ማርዝለፍ ያን ጭንብል እያጠለቀ በግቢው መዞሩን ቀጠለ። ማንንም አይነካም፣ ይዞራል፣ ይሰደባል፣ ይመዘግባል። ጩኸቱ በ2013 አካባቢ ጣራ ነካና ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መቀነስ ጀመረ። በዱር ከ17 ዓመት በላይ የኖረ ቁራ ቢኖርም አብዛኞቹ ያን ያህል አይቆዩም፤ የተያዙት አለፉ፣ ያዩት አለፉ፣ የሰሙትም አረጁ። በሴፕቴምበር 2023፣ ከ17 ዓመት በኋላ፣ ያ አስፈሪ ፊት በግቢው መሐል ሲያልፍ አንድም ቁራ አልጮኸም።

ሽማግሌ አልተላከም። ካሳ አልተቆረጠም። ያ ፊት ለ17 ዓመት ያህል ሲመላለስ ማንንም ዳግመኛ አልነካም፤ በቃ። ቡናው ፈላ መሰለኝ።