ካርዱ ካርቱም ቀረ

በጤና ጣቢያ የኤችአይቪ ክፍል መዝገብ ላይ ከአንዳንድ ታካሚዎች ስም ትይዩ አንዲት ቃል ትገኛለች፤ «ሎስት»። ነርሶቹ እርስ በርስ ሲያወሩም ቃሏን ሳይተረጉሙ ነው የሚጠቀሙባት፤ «እሷማ ሎስት ናት» ይላሉ። ቀጠሮዋ አልፏል፣ ስልኳ አይነሳም፣ መድኃኒቷን የወሰደላትም የለም ማለት ነው። ቃሉ ጥፋቱን ለሴትዮዋ ሰጥቶ ያልፋል። ጠፋች ይላል እንጂ ጠፋችብን አይልም።

ስለ ገጠር እናቶችና ሕፃናት የኤችአይቪና የቲቢ ሕክምና ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚጠሩት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ መድኃኒት፣ በጀት፣ ግንዛቤ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደየጊዜው እውነት ናቸው። ሦስተኛውን ግን ስሰማ ደስ አይለኝም፤ ሌላ ምክንያት የጠፋ ዕለት የሚመዘዝ ቃል ሆኗል። በእኔ ግምት ተገቢውን ቦታ ያላገኘው ምክንያት አራተኛው ነው፦ ሕክምናው የተዘረጋው አንድ ቦታ ለምትቀመጥ እናት ነው። ከካርቱም እስከ መተማ ባለው መስመር የሚኖሩት እናቶች ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጡም።

ካርቱም ውስጥ ዴም ወይም ጀሪፍ ሰፈር የኖረ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሴቶቻችን አብዛኞቹ ሰው ቤት ይሠሩ ነበር፤ ሌሎቹ መንገድ ዳር ከሰል አያይዘው፣ በርጩማ ደርድረው ሻይና ቡና ይሸጡ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቷ ያልተስተካከለ ሴት ትልቅ ሆስፒታል የምትሄደው ሲብስባት ነው። በሱዳን የኤችአይቪ ስርጭት ዝቅተኛ ነው፤ ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ይሄ ጥሩ ነገር ሆኖ ሳለ ለታማሚዋ የሚያመጣው ጣጣ አለ፤ በሽታው የጥቂት ሰው ሲሆን አገልግሎቱም በጥቂት ቦታ ይወሰናል። ሐሜቱ ግን አብሮ አይቀንስም።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም መጣ። የሱዳን ጦርነት በተጀመረ በአሥረኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ከተዋጊዎቹ አንደኛው ወገን ካርቱም የሚገኘውን ብሔራዊ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ይዞ ባለሙያዎቹን ማስወጣቱን ተናገረ። ሰዉ ግን ይሄን ሳይጠብቅ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ በገዳሪፍ አድርጎ ድንበር ላይ ያለችው ጋላባት፣ ከጋላባት ድልድዩን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ውስጥ መተማ ዮሐንስ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተማ ላይ የተመዘገቡት ከ60 በላይ የሚሆኑ ሀገሮች ዜጎች ነበሩ። ከነሱም መካከል ብዙዎቹ ኑሯቸውን እዚያ መሥርተው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

እስቲ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አንዲት እናት ትኑር እንበል። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የቲቢ ሕክምና ላይም ናት፣ ስድስት ወር ከሚፈጀው ሦስተኛው ላይ ደርሳለች። ከቤት ስትወጣ ምን ትይዛለች? ወርቅ ካላት ወርቋን፣ ስልኳን፣ የልጅ ልብስ። የሕክምና ካርዷን ግን አትይዝም። ኬላ ላይ ሻንጣ ይበረበራል፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ደግሞ የሰፈሯ ልጅ ናት። ክኒኑንም ስሙ ከተጻፈበት ብልቃጥ አውጥታ በላስቲክ ትቋጥረዋለች። እንግዲህ ይህቺ ሴት ግንዛቤ አነሳት ልንል ነው? ካርዱን ያስጣላት አለማወቅ ሳይሆን አሳምራ ማወቋ ነው።

መድኃኒቱ ራሱ ድንበር ላይ አይለወጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዶሉቴግራቪር ያለበትን፣ በቀን አንዴ የሚዋጠውን ክኒን ነፍሰ ጡሮችን ጨምሮ ለአዋቂዎች ቀዳሚ ምርጫ አድርጎታል። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው የገንዳ ውሃ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ያለውም ይኸው ክኒን ነው። የሚለወጠው ስለ ሴትዮዋ የሚታወቀው ነገር ነው። ሪፋምፒሲን የሚባለው ዋነኛ የቲቢ መድኃኒት ዶሉቴግራቪርን ቶሎ ከሰውነት ያስወጣዋል። ስለዚህ ሁለቱን አብራ የምትወስድ ሴት ዶሉቴግራቪሩን በቀን ሁለቴ ትወስዳለች፤ 50 ሚሊግራም ጠዋት፣ 50 ሚሊግራም ማታ። ይህን የሚናገር አንድ መስመር ነው፤ መስመሩ ያለው ካርዱ ላይ ነው፤ ካርዱ ካርቱም ቀርቷል። ይዛው መጥታ ቢሆንስ? ሱዳኖች ቲቢን «ደረን» ነው የሚሉት፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈውን «ደረን» ገንዳ ውሃ ላይ ማን ያነብላታል? እሷም «የሳል መድኃኒት» ብቻ ተብሎ ከተሰጣት «የሳል መድኃኒት እወስድ ነበር» ትላለች። ነርሷ በቀን አንዴ የሚዋጠውን ሰጥታ ትሸኛታለች። ሴትዮዋ አንድም ቀን ሳታጓድል እየዋጠች ቫይረሱ ሊያንሰራራባት ይችላል። ያ የሚሆነው ደግሞ ልትወልድ ሦስት ወር ሲቀራት ነው።

እንዲያም ሆኖ ከእናቲቱ ይልቅ ልጁ ያሳስበኛል።

ቫይረሱ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን በስድስተኛ ሳምንቱ ይመረመራል። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ምን ያህል ስስ ነገር ላይ እንደቆመ ይገባዋል። የሕፃኑን ተረከዝ ያሞቁታል፣ በትንሽ ስለት ይወጉታል፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ይጠርጓታል። ቀጣዮቹ ጠብታዎች አምስት ክብ የተሣለበት ወፍራም ወረቀት ላይ ያርፋሉ። ክቡ በደንብ መሙላት አለበት፤ ካልሞላ ላቦራቶሪው አይቀበለውም። ወረቀቱ ከፀሐይና ከዝንብ ርቆ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይነባበር ለሰዓታት ይደርቃል። ከዚያ እርጥበት ከሚመጥ ትንሽ ከረጢት ጋር በላስቲክ ታሽጎ መንገድ ይጀምራል፤ ከወረዳ ጤና ጣቢያ ባሕር ዳር፣ የአማራ ክልል ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ድረስ። እንዲህ ዓይነቱን ናሙና ፖስታ ቤት ጭምር ሲያመላልስ ኖሯል። ውጤቱ በዚያው መንገድ ተመልሶ እናቲቱን ማግኘት አለበት።

በሰላሙ ጊዜም መንገዱ ረጅም ነበር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ግጭት አለ፤ መኪና ለቀናት የሚቆምበት ጊዜ አለ፣ የጎንደር–መተማን መስመር ያለ እገታ ወሬ የሚያነሳው የለም፣ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ወረቀቱ እስኪደርስ ልጁ አይጠብቅም። ቫይረሱ ይዞት ሕክምና ካልጀመሩ ሕፃናት መካከል ሲሶ ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። የስድስት ሳምንቱ ውጤት ነጻ ቢሆንም ነገሩ አላለቀም፤ ልጁ ይጠባልና። እናቲቱ መድኃኒቷን ካቋረጠች በጡት ሊተላለፍ ይችላል፤ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ሕፃናት በቫይረሱ በአዲስ ለመያዛቸው ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው መቋረጥ ነው። የመጨረሻው ምርመራ ልጁ 18 ወር ሲሞላው ነው። ከእርግዝናው ጋር ሲደመር ከሁለት ዓመት በላይ የአንዲት ሴትና የአንድ መዝገብ ቤት ትውውቅ ሳይበጠስ መቆየት አለበት ማለት ነው።

ይህ የስደተኛ ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ደጋው ይመለስ። የኛ ሀገር ሴት፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጇ ከሆነ፣ ለመውለድ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ገንፎው እዚያ ነው፣ አጥሚቱ እዚያ ነው። የእርግዝና ክትትሏን ያደረገችው ግን በባሏ ቀበሌ ነው፤ መድኃኒቷም፣ ካርዷም፣ ምሥጢሯን የምታውቀው ነርስም እዚያ ናቸው። ቀኑን ደግሞ ቁጠሩት። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ። የወንዱ ምርመራ ከክርስትናው ድግስ በሁለተኛው ቀን ይውላል፤ የሴቷ እናቷ ገና አራስ ቤት ሳለች። የቀጠሮውን ሠንጠረዥ ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውበት ይሆን? እጠራጠራለሁ።

ቆላው ደግሞ የራሱ ካላንደር አለው። ጥቅምትና ኅዳር ሰሊጥ ሲደርስ መተማ፣ ቋራና ሁመራ በጉልበት ሠራተኛ ይጥለቀለቃሉ። ወንዱ ሊያጭድ ይወርዳል፤ ሴቷ ልታበስል፣ ጠላና አረቄ ልትሸጥ። አዝመራው ሲያልቅ ሁሉም በየፊናው ይበተናል፤ መዝገቡ ላይ «ሎስት» የሚበዛውም ያኔ ቢሆን አይገርመኝም።

ቲቢውን ስናይ ነገሩ ይብሳል። ትልቅ ሰው አክታውን ተፍቶ ይመረመራል፤ ትንሽ ልጅ አክታ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ለዚህ መላ ተገኝቷል፤ የተዋጠው ባክቴሪያ በሰገራ ስለሚወጣ ጥቂት ሰገራ በጂንኤክስፐርት ማሽን ይመረመራል። ዘዴውን ቀድመው ከሞከሩትና ከጀመሩት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ይህ ሊነገርላት ይገባል። ማሽኑ ግን ልጁን ከቤቱ አያመጣውም። የሚያመጣው ለታመመችው እናት የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ቤት ውስጥ ልጅ አለሽ ወይ? አምጪውና እንየው።» መንገደኛ እናት መድኃኒት ሲያልቅባት የገባችበት ጤና ጣቢያ ጥያቄው አይጠየቅም፤ ልጁ አያቱ ዘንድ ነው፣ ሌላ ወረዳ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ልጆች በቲቢ ይታመማሉ ተብሎ ሲገመት ግማሽ ያህሉ ተመርምረው አይመዘገቡም። በኤችአይቪም ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቫይረሱ ካለባቸው አዋቂዎች 77 ከመቶው መድኃኒት ሲያገኙ ከልጆች ያገኙት 57 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ሥርዓቱ ለምትንቀሳቀስ ታካሚ ያለውን ፊት ለማየት ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው ቁጥሩ ነው። ታካሚዋ የሚሰጣት መለያ የሚጀምረው በክልሉና በጤና ተቋሙ ኮድ ነው፤ የሷ ተራ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከማንነቷ በፊት የት እንደተመዘገበች ይነገራል። ሁለተኛው መድኃኒት አሰጣጡ ነው። ከዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት ደህና የሆነ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ ወስዶ እንዲሄድ ተፈቀደ፤ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሲጀመር ግን ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡና ልጆች አልተካተቱበትም። በቅርብ እንከታተላቸው በሚል ነው፤ ሐሳቡ ክፋት የለውም። ውጤቱ ግን ሄደው መውለድ ያለባቸውን ሴቶች በአጭር ገመድ ማሰር ሆነ።

ይህን ክፍተት ይሸፍኑ የነበሩት ሰዎች ነበሩ። የምትደውል፣ ስልኩ ካልሠራ ሰፈር ድረስ የምትሄድ፣ ብዙ ጊዜ ራሷም ከቫይረሱ ጋር የምትኖር ሴት። ነጭ ጋወን ሳትለብስ፣ ዘመድ መስላ ነው የምትገባው። በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ጤና ሚኒስቴር በዩኤስኤአይዲና በሲዲሲ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ያኔ ሁሉም የጠየቀው «መድኃኒቱስ?» ብሎ ነበር። «ደዋዮቹስ?» ያለ ብዙ አልሰማሁም። ከመደርደሪያ የጎደለ ክኒን በሳምንቱ ይታወቃል፤ ያልተደወለ ስልክ የሚታወቀው ልጁ ሲታመም ነው።

መፍትሔ የሚባሉትን ሐሳቦች ስመለከት በትልልቆቹ ላይ እምነቴ ትንሽ ነው። ሁለቱን ሀገር የሚያገናኝ ዲጂታል መዝገብ ይዘርጋ የሚል አለ፤ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ወረዳ ለማን ነው? ትንንሾቹ ይሻሉኛል። ለምትሄድ እናት «ሎስት» ከመባሏ በፊት የሦስት ወር ወይም የስድስት ወር የመድኃኒት ስንቅ መስጠት። በሽታውን በስም ሳይጠራ መድኃኒቱንና መጠኑን ብቻ በሁለት ፊደል የሚናገር፣ ኬላ ላይ ቢታይ የማያሳፍር፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ወረቀት። ደግሞም ክትባት አለ። የስድስት ሳምንቱ ክትባት ከስድስት ሳምንቱ የደም ምርመራ ጋር አንድ ቀን ላይ ይውላል። የኤችአይቪ ክፍልን በር ዞራ የምታልፍ እናት እንኳ ልጇን ለማስከተብ ትሰለፋለች፤ በየትም ቀበሌ ብትሆን። የክትባት ባለሙያዋ እናቲቱ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቅ ሌላው በራሱ ይከተላል።

መንገዱ አሁን በሌላውም አቅጣጫ ሰው ያመላልሳል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ሱዳናውያን በብዛት ወደ ከተማቸው እየተመለሱ ነው። መተማ አካባቢ በተተከሉት ካምፖች የወለዱ እናቶች አሉ። ሕፃኑ የተከተበበት፣ ምናልባትም የተረከዙ ደም የተላከበት ካርድ የተጻፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ጋላባት ላይ ሻንጣ ይበረበራል።