ዋርፋሪን የምትወስድ ታካሚ ጥርሷን ልትነቀል ስትመጣ

ከጋፋት ባሻገር ካለ የፋርጣ ገጠር ቀበሌ የመጣች አንዲት ወጣት እናስብ። መንጋጋዋ አብጦ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ካርዷን ስናይ የልብ ቫልቯ በብረት ቫልቭ ተተክቷል፤ በየቀኑ ዋርፋሪን ትወስዳለች። «ደሙ አይቆምም ብለውኝ ክኒኑን ካቆምኩ አራት ቀኔ ነው» ትለናለች። ብዙዎቻችን እፎይ የምንለው እዚህ ላይ ነው። መደንገጥ ያለብን ግን እዚሁ ላይ ነው።

በአገራችን ዋርፋሪን የሽማግሌ መድኃኒት ብቻ አይደለም። በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ በሽታ ቫልቭ የሚያበላሸው ከልጅነት ጀምሮ ነው። በዶ/ር በላይ አበጋዝ ጥረት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ከተከፈተ ወዲህ የልብ ቀዶ ሕክምና በአገር ውስጥም ይሰጣል። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ደግሞ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ አዲሶቹ እንክብሎች ለዚህ ቫልቭ አይሆኑም።

«ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ደሙ አይቀጥንም፤ ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸው የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ስለሚቀንሱ መርጋቱ ይዘገያል እንጂ። ክኒኑ ሲቆም ኃይሉ በአምስት ቀን ገደማ ይጠፋል፤ እንደገና ሲጀመርም ለመሥራት ቀናት ይፈልጋል። በዚህ መሐል ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ፣ ቫልቩን ሊያግድ ወይም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከጥርስ ጉድጓድ የሚወጣ ደም በዓይን ይታያል፣ በጣት ይጫናል። ቫልቭ ላይ የረጋውን ግን ማን ደርሶበት ይጫነዋል?

ስለዚህ ክኒኑን ከማስቆም ይልቅ አይ.ኤን.አር. እንለካ። የጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው፤ የብረት ቫልቭ ያለው እንደ ቫልቩ ዓይነትና ቦታ ከ2 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ይጠበቃል። ከመንቀሉ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ተለክቶ ከ4 በታች ከሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ጥርስ ክኒኑ ሳይቆም መንቀል ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ልብ ሐኪሙ መላክ ነው፤ መጠኑን እኛ አንነካካም። በነገራችን ላይ በጾም ወራት ጎመን የሚያዘወትር ሰው ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ ጎመን ቫይታሚን ኬ አለውና። አመጋገቡን መጠየቅ አይከፋም።

ቀጠሮው ጠዋት፣ በሳምንቱ መጀመሪያ ይሁን፤ ደም ቢመለስ ሐኪም የሚገኝበት ሰዓትና ቀን እንዲሆን። ቫልቭ ስላለ ከመንቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት 2 ግራም አሞክሲሲሊን ይሰጣል (ፔኒሲሊን በየወሩ ለሚወጋ ሌላ ዓይነት ይመረጣል)። ከነቀልን በኋላ ጉድጓዱን በጄላቲን ስፖንጅ ሞልቶ መስፋት፣ ከዚያ ጎዝ አስነክሶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ። አቋርጠን ካየን የረጋውን ራሳችን እናነሳዋለን። ትራኔክሳሚክ አሲድ ከተገኘ 5 ከመቶ የሆነውን 10 ሚሊ ሊትር በቀን አራቴ ለሁለት ቀን አፍ ውስጥ መያዝ በጣም ይረዳል።

ማዘዣው ላይ ነው ብዙ የሚጠፋው። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን አይሆንም። ለጥርስ ኢንፌክሽን እጃችን የለመደው ሜትሮኒዳዞልም የዋርፋሪንን ኃይል በብርቱ ይጨምራል፤ ደሙ በሦስተኛ በአራተኛ ቀን ቢመለስ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው የዚያን ሌሊት ከተማ ዘመድ ቤት ቢያድር ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትኩስ ቡናና አረቄ ይቅር፤ አፍም በኃይል አይጉመጥመጥ።

ወደ ወጣቷ እንመለስ። አራት ቀን አቁማለችና ደሟ ምናልባት ቶሎ ይቆማል፤ ይህ ግን «ነቅለን እንሸኛት» አያሰኝም። አይ.ኤን.አር. ዛሬውኑ ይለካ፣ ለልብ ሐኪሟ አሁኑኑ ይደወል። ዋርፋሪኑ እስኪሠራ ድረስ ሄፓሪን ያስፈልጋት እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ጥርሱ የሚነቀለው ከስልኩ በኋላ ነው።