ቋ የሚለው ማብሪያ ማጥፊያ

ቤት የሚያድስ ሰው ለሴራሚኩ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፣ ስለ መጋረጃው ከቤተሰቡ ጋር ይከራከራል፣ የቀለሙን ናሙና ግድግዳው ላይ ቀብቶ ጠዋትና ማታ እየተመላለሰ ያያል። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ሲደርስ ግን «አንተው ገዝተህ ግጠመው» ብሎ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይተወዋል። እጃችን በየቀኑ የሚነካው ዕቃ እሱ ሆኖ ሳለ እንዲህ መናቁ ሁሌም ይቆጨኛል።

የኔ ምርጫ የድሮ ሞዴል ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የቱን ማለቴ እንደሆነ አብዛኛው ሰው ያውቀዋል፤ ክብ የፖርሴሊን መቀመጫ ላይ እንደ ቁልፍ የሚዞረው፣ ጥቁሩ የባክላይት፣ ወይም ከናስ ሳህን ላይ ትንሽ ዘንግ ብቅ ያለችበት። ጀርመንና ስፔን ውስጥ ዛሬም እንደ አዲስ ይመረታሉ። ባክላይት ቤልጂየም የተወለደው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የሠራው ፕላስቲክ ነው፤ አንዴ ከጠነከረ ሙቀት አያቀልጠውም። ፖርሴሊን ደግሞ ጭራሽ አይቃጠልም። ስለ መልካቸው ይህ ይበቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የድምፁ ነገር ነው። ብዙ ሰው «ቋ» የሚለው ድምፅ ለትዝታ ሲባል የተጨመረ ጌጥ ይመስለዋል። «ሕፃን ይቀሰቅሳል» ብሎ የሚተወውም አለ። ድምፁ የሚመጣው ግን የዕቃው ዋና ሥራ ሲሠራ ነው።

ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸውን ሁለት ብረቶች ቀስ ብላችሁ ብታለያዩ ፍሰቱ ወዲያው አይቋረጥም። በመካከላቸው ያለው አየር ይግልና እሱ ራሱ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ብልጭታው ይለጠጣል፣ ብረቱን ይበላዋል፣ ሲብስም እሳት ያስነሣል። የኤሌክትሪክ መብራት በጀመረበት ዘመን ብዙ ቦታ የሚሠራጨው ሳይመላለስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰው ዲሲ ስለነበር፣ ብልጭታው አንዴ ከተነሣ በቀላሉ አይጠፋም ነበር። መላውን ያመጣው ጆን ሄንሪ ሆልምስ የሚባል የእንግሊዝ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ኒውካስል ከተማ ውስጥ፣ የሰው ጣት የቱንም ያህል ቢዘገይ ሞላው በራሱ ፍጥነት የሚቆርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ ሠራ።

አራት ኪሎ አንድ የድሮ ቤት ሽቦው ሲቀየር፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ከግድግዳው የነቀሉትን የሚዞር ማብሪያ በካካቪቴ ፈትተው አሳይተውኛል። ነጭ የፖርሴሊን መቀመጫ፣ መሃሉ ላይ ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ሞላ፣ ከሥሩ የናስ ምላስ። እጀታውን በቀስታ አዞሩት። ምላሱ ንቅንቅ አላለም፤ የሚወጠረው ሞላው ብቻ ነበር። ሩብ ዙር ሊሞላ ሲል ቋ! ምላሱ ዘሎ ቦታውን ለቀቀ። «አየህ ልጄ፣ አንተ ትወጥረዋለህ እንጂ የሚቆርጠው እሱ ነው» አሉኝ። ናሱ ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረች። የዚያ ሁሉ ዓመት ብልጭታ ያደረሰው ጉዳት ያቺው ብቻ ናት።

ዛሬ ቤታችን የሚገባው ኤሲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ዜሮን ስለሚነካ፣ ብልጭታው በሴኮንድ 100 ጊዜ የመጥፋት ዕድል ያገኛል። ዘመናዊው ማብሪያ ድምፁን መቀነስ የቻለው በዚህ የተነሣ ነው። ያም ሆኖ ርካሹን ዓይነት በጣታችሁ መሃል ላይ ብታቆሙት ጢዝ ሲል ትሰሙታላችሁ፤ ውስጡ እየተቃጠለ ነው። እየሰሙ ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ዛሬውኑ አስቀይሩት። ጥሩ ሞላ ያለው የድሮ ሞዴል ግን ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ መሃል ላይ ማቆሚያ የለውም።

ከምናለሽ ተራ የተገኘ እውነተኛ አሮጌ ማብሪያ ቢማርካችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ሞላው ደክሞ፣ ፖርሴሊኑም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው በድሮው መልክ አዲስ የተሠራው ይሁን።

ስለ አገጣጠሙ፦ ባልቦላው ይውረድ፣ በቴስተር ይረጋገጥ፣ ሥራውም ለባለሙያ ይሰጥ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንዱን ነባር ማብሪያ አስፈትታችሁ ከኋላው ያለውን ሳጥን እዩ። ለጀርመን ግድግዳ የተሠሩት 60 ሚሊ ሜትር ክብ ሳጥን ይፈልጋሉ፤ የናንተው አራት ማዕዘን ከሆነ ግድግዳው መቦርቦሩ አይቀርም። ለጭቃ ቤት ከግድግዳው በላይ የሚታሰረው ዓይነት እንደ ልብስ ልኩ ነው። የተገመደው ጨርቅ ለበስ ሽቦ በትንንሽ የፖርሴሊን መያዣዎች ተይዞ ግድግዳው ላይ ይሄዳል፣ ጭቃውን የሚነካው የለም። ከጨርቁ ሥር ያለው ሽቦ ግን ደህና ፕላስቲክ የለበሰ መሆኑን አረጋግጡ።

ማብሪያው መቁረጥ ያለበት ፌዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ ነው። መመለሻውን ሽቦ፣ ኒውትራሉን፣ የሚቆርጥ ችኩል ሠራተኛም መብራቱን ያጠፋል፤ አምፖሉ የሚገባበት ላይ ግን 220 ቮልት እንዳለ ይቀራል። አምፖል ልቀይር ብሎ ወንበር ላይ የወጣ ሰው የሚመታው እንዲህ ነው። ጠፍቶም ጭል ጭል የሚል ኤልኢዲ አምፖል ካላችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ስለሚችል አስፈትሹ።

የናስ ሳህን ለመረጠ ደግሞ የመሬት ሽቦ ግዴታ ነው። ብዙ የድሮ ቤት ውስጥ እስከ ማብሪያው የወረደ የመሬት ሽቦ የለም። ከሌለ ወይ ሽቦው ይሳብ፣ ወይ ናሱ ቀርቶ ፖርሴሊን ይገዛ።