ከሎሚው በኋላ የሚመጣው ቀለበት

ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ ጥር 12 ቀን ደግሞ ቃና ዘገሊላ ይከበራል። ከበዓሉ ማግስት አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት በሀገራችን የሠርግ ወራት ናቸው። በከተማም በገጠርም ድንኳን ይተከላል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ሚዜ ይመረጣል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ሽማግሌ የሚላክበት፣ ቃል የሚታሰርበት፣ በከተማ ቤተሰብ ዘንድም ቀለበት የሚገዛበት ጊዜ አለ። የዛሬው ጽሑፋችን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የወርቅ ቤት ደጃፍ የሚረግጠውን ወጣትና ምክር የሚለግሱትን ቤተሰቦቹን ይመለከታል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል ያለ ምክንያት አልተነገረም። ጥምቀት ልጃገረዷ አምራ የምትወጣበት፣ ጎረምሳውም ዐይኑ ያረፈባትን የሚመርጥበት በዓል ሆኖ ኖሯል። የወደዳት እንደሆነ ሎሚ ይወረውርላት ነበር። ሎሚዋ በጥቂት ሳንቲም የምትገኝ ነበረች፤ የተሸከመችው መልእክት ግን ከባድ ነበር። እርሱን ተከትሎ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይጠያየቃል፤ ጥሎሽም ይቀርባል። ዛሬ ብዙ የከተማ ወጣቶች ከሽማግሌው ጋር ወይም ከሽማግሌው ቀጥሎ «ቀለበት ማሰር» የሚባለውን ሥርዓት ይፈጽማሉ።

ቀለበትም ሆነ የወርቅ ጌጥ ለቅዱሳት መጻሕፍት እንግዳ አይደለም። ፈርዖን ዮሴፍን በግብፅ ላይ ሲሾመው ቀለበቱን ከእጁ አውልቆ አድርጎለታል። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት በተመለሰ ጊዜም ከልብሱና ከጫማው ጋር ለጣቱ ቀለበት ታዝዞለታል። ለጋብቻ ጉዳይ የበለጠ የሚቀርበው ግን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የተጻፈው ታሪክ ነው። ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ የተላከው የአብርሃም ሎሌ ለርብቃ ግማሽ ሰቅል የሚመዝን የወርቅ ጌጥና አሥር ሰቅል የሚመዝን ጥንድ አምባር እንደ ሰጣት እናነባለን። ግማሽ ሰቅል በዛሬው ሚዛን ከ5 እስከ 6 ግራም ገደማ ነው። የስጦታው ክብደት ሳይቀር መመዝገቡ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ፍቅርና ሚዛን አብረው ቢሄዱ ነውር የለበትምና።

በአዲስ አበባ የወርቅ ገበያ ሲነሣ ለብዙ ዘመን ፒያሳ ይጠቀስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት የሰፈሩ ገጽታ እጅግ ተለውጧል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የወርቅ ዋጋ በብር ሲተመን ከፍ ብሏል። ስለዚህ ቀለበት ለመግዛት የሚነሣ ወጣት ከቀደሙት ይልቅ ዕውቀት ያስፈልገዋል፤ ስሕተቱ ውድ ነውና።

ለመሆኑ በመጀመሪያ ምን ይጠየቃል? ካራት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል፤ ነገር ግን ለስላሳ በመሆኑ ለየዕለት ጌጥ እንዲጠነክር ከመዳብ፣ ከብርና ከመሳሰሉት ማዕድናት ጋር ይቀላቀላል። 21 ካራት ሲባል ከመቶው 87.5 እጅ፣ 18 ካራት ሲባል 75 እጅ ወርቅ ነው። በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታተሙት ጥቃቅን ቁጥሮች ይህንኑ ይናገራሉ፤ 875 የ21 ካራት፣ 750 የ18 ካራት፣ 585 ደግሞ የ14 ካራት ምልክት ነው። 4 ግራም የሚመዝን የ21 ካራት ቀለበት 3.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ ሲኖረው፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው የ18 ካራት ቀለበት 3 ግራም ይኖረዋል። ሁለቱ በመስኮት ሲታዩ መንትያ ቢመስሉም ዋጋቸው እኩል ሊሆን አይገባም። ማኅተሙ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም፤ ወርቅ ቅብም ሊታተምበት ይችላልና ከታወቀና አድራሻው ከማይጠፋ ቤት መግዛት ይመረጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚዛን ነው። አያቶቻችን ወርቅን በወቄት ይመዝኑ ነበር፤ አንድ ወቄት የአንድ ማርትሬዛ ብር ክብደት፣ ማለትም 28 ግራም ያህል ነው። ዛሬ የሚመዘነው በግራም ነው። ገዢው ሚዛኑ ከዜሮ መነሣቱን በዐይኑ ይመልከት። ቀለበቱ ፈርጥ ያለው ከሆነ የፈርጡ ክብደት በወርቅ ሒሳብ እንዳይታሰብበት ለይቶ ይጠይቅ። የወርቁ ዋጋ ስንት፣ የሠሪው የእጅ ዋጋ ስንት እንደሆነም ተነጥሎ ይነገረው። ይህ ልዩነት የሚታወቀው ክፉ ቀን መጥቶ ወርቁ ሲሸጥ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመለሰው በአመዛኙ የወርቁ ዋጋ እንጂ የእጅ ሥራው አይደለም። ካራቱ፣ ግራሙና ዋጋው በግልጽ የሰፈረበት ደረሰኝ መቀበልም ግድ ነው። ደረሰኝ መጠየቅ ሻጩን መጠራጠር ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ሐቀኛ ነጋዴ ራሱ ይሰጣል።

ስለ ፈርጥ ካነሣን አንድ ማስገንዘቢያ እንጨምር። «ካራት» የሚለው ቃል ለወርቅ ሲነገር ጥራትን፣ ለአልማዝና ለሌሎች ፈርጦች ሲነገር ግን ክብደትን ያመለክታል፤ አንዱ የፈርጥ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው። ሁለቱን አደባልቆ መስማት ኪስን ይጎዳል። ከሀገራችን ምድር የሚወጣው የወሎ ኦፓል በውበቱ ዓለምን አስደንቋል። ሆኖም ከአልማዝ ይልቅ እጅግ ለስላሳ ከመሆኑም በላይ ብዙው ውኃ ይመጥጣል፤ በዚህም መልኩ ለጊዜው ሊለወጥ ይችላል። ልብስ በሚያጥብና ሊጥ በሚያቦካ እጅ ላይ ሁልጊዜ እንዲኖር የሚፈለግ ቀለበት ከሆነ ይህ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

የጣት ልክም ቀላል ነገር አይደለም። በጥር ብርድ በማለዳ የተለካ ጣት እኩለ ቀን ላይ ሲሞቅ ያብጣል። ቀለበቱ የጣቱን አንጓ ያለ ሥቃይ ማለፍ፣ ካለፈ በኋላም እንዳይወልቅ ሆኖ መያዝ አለበት። ልቡ አዲስ ነገር ሊያሳያት የፈለገ ወጣት በዚያው ጣት የምታደርገውን ሌላ ቀለበት ለልክ ቢወስድ ይበጃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነው። ፈርጥ የሌለው ልሙጥ ቀለበት ልኩ ቢሳሳት በአንጥረኛ እጅ በቀላሉ ይሰፋል ወይም ይጠብባል፤ ዙሪያውን ፈርጥ የተደረደረበት ግን ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ጭብጥ እንምጣ። ምን ያህል ይውጣ? የአልማዝ ቀለበት የእጮኝነት ግዴታ መስሎ እንዲታይ ብዙ የደከመው ደ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ አልማዝን ከማያልፍ ፍቅር ጋር ያቆራኘ መፈክር አስጻፈ፤ በ1980ዎቹም ለቀለበት የሁለት ወር ደመወዝ ማውጣት ተገቢ ነው የሚል ማስታወቂያ አስነገረ። ይህ የንግድ ምክር እንጂ የአባቶች ሥርዓት አይደለም። በእኛ ዘንድ ዕቁቡን ጥሎ፣ አቅሙን አውቆ ልሙጥ ቀለበት የገዛ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የተበደረ ግን ብድሩን የሚከፍለው ብቻውን አይደለም፤ ጫጉላው ሳያልቅ ሙሽራዪቱም ከፋይ ትሆናለች። ስለ ቤት ኪራይና ስለሚወለደው ልጅ መነጋገር የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ስለ አበዳሪ ሲነጋገሩ ያመሻሉ። ስለዚህ እጮኛሞች ከቀለበቱ በፊት ስለ ገቢያቸው በግልጽ ቢወያዩ፣ እርሷም «ይህ ይበቃናል» ለማለት ብትደፍር፣ ወላጆችም የጎረቤትን ልጅ ቀለበት ለማነጻጸሪያ ባያነሡ ትልቅ ውለታ ነው።

በቃና ዘገሊላ የምናስበው ሠርግ ሁሉ የሞላበት አልነበረም። ወይን ጠጅ አልቆበት ነበር። እመቤታችን ጉድለቱን አየች፤ ለልጇም ነገረችው፤ በስድስቱ የድንጋይ ጋኖች የተሞላው ውኃም ወደ ወይን ተለወጠ። ጌታ የባረከው የጎደለበትን ሠርግ መሆኑ ለዘመናችን ሙሽሮች መጽናኛ ነው። ጎዶሎን በብድር ሸፍኖ ሙሉ ከመምሰል፣ ጎዶሎን አውቆ በጋራ መጀመር ይሻላል።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተክሊል ሲፈጸም ካህኑ ከልብሱና ከአክሊሉ ጋር ቀለበቱን ይባርካል። በዚያች ሰዓት ስለ ካራቱ የሚጠይቅ ማንም የለም። ስለዚህ ቀኑን ለመቁረጥም ሆነ ስለ ሥርዓቱ ለመረዳት ከወርቅ ቤቱ በፊት ወደ ንስሐ አባት መሄድ መልካም ነው። ወጣቱም ገበያ ሲወጣ ሁለት ሚዛን ይያዝ፤ አንዱ የወርቁን ጥራትና ክብደት የሚያይበት፣ ሌላው የራሱን አቅም የሚመዝንበት። ሁለቱን አስተካክሎ የተገዛ ቀለበት ቀጭን ቢሆንም ዕድሜ ልክ ይደረጋል።