ብረት ቀጥቃጭ ብንሆንስ?

ብዙዎቻችን የብረትንና የካርቦንን ጠባይ የሚያሳየውን ሥዕል በፈተና ወረቀት ላይ አሳምረን ልንሥል እንችላለን። ነገር ግን ከዚሁ ብረት አንድ የግድግዳ መንጠቆ ሠርታችሁ አምጡ ብንባል ስንቶቻችን እንችላለን? እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ይህን ጥያቄ ለራሳችን ካቀረብን በኋላ፥ በትርፍ ጊዜያችን በአንዱ ጓደኛችን ግቢ ጥግ ትንሽ የብረት መቀጥቀጫ አቋቁመናል። በዚህ ጽሑፍ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ፥ በምን እንደሚጀመርና እኛንም ምን እንዳስተማረን በአጭሩ ልንገልጽ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው እንናገር። ምድጃው ጣራ ያስፈልገዋል፤ ግድግዳ ግን ባይኖረው ይመረጣል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ስለዚህ በመኝታ ክፍል ወይም በሩ በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ከቶ አይሞከር። ጣራው የሚፈለገው ለዝናብ ብቻ ሳይሆን ለጥላውም ነው። ምን ያህል እንደ ጋለ የሚታወቀው በብረቱ ቀለም ሲሆን፥ ቀለሙ በፀሐይ ብርሃን በደንብ አይለይም። የአንጥረኛ ጎጆ ብዙ ጊዜ ጨለምለም ያለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚያ ጨለማ በልጅነታችን የሰማነው ወሬ ስንት ነበር! ነገሩ ግን የቡዳ ሳይሆን የዓይን ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ለጀማሪ አምስት ነገር ይበቃል፤ ይኸውም ምድጃ፥ ወናፍ፥ መስፍ፥ መዶሻና ጉጠት ነው። ምድጃችንን የሠራነው ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። ውስጡን በአሸዋ በተለወሰ ጭቃ ለብጠን፥ እርጥበቱ ፈጽሞ እስኪወጣ ድረስ አደረቅነው፤ እርጥብ ጭቃ እሳት ሲነካው እየፈነጠረ ይሰነጠቃልና። ነፋስ የሚገባበት የብረት ቱቦ በዚንክ የተለበጠ መሆን የለበትም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ጢሱን የሳበ ሰው ማታውን በብርድና በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

የአገራችን አንጥረኛ ወናፍ ሁለት የፍየል አቁማዳ ነው። አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር ይሞላል፤ በዚህም ነፋሱ ሳይቋረጥ በሸክላው አፍ በኩል እሳቱን ያገኘዋል። እኛ ይህን ጥበብ ገና ስላልቻልንበት አንድ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ አሠርን። ነገር ግን ነፋስ በበዛ ቁጥር ከሰሉ በከንቱ ያልቃል፥ ብረቱም ይቃጠላል፤ ስለዚህ አየሩን የምንቀንስበት ክዳን ጨመርንበት።

ለመስፍ የሚሆን ወፍራም የብረት ቁራጭ ያገኘነው መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። የባቡር ሐዲድ ቁራጭም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ከየት እንደ መጣ ሳይጠየቅ አይገዛ። መስፉ በግንድ ላይ ጠብቆ ሲቀመጥ፥ ከፍታው ቀጥ ብለን ቆመን የተንጠለጠለው ጭብጣችን ከሚደርስበት መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከፍ ካለ ትከሻን፥ ዝቅ ካለ ወገብን ያሳምማል። መዶሻውም አንድ ኪሎ ያህል ይበቃዋል፤ ከባድ መዶሻ ጉልበት የሚጨምር ይመስላል እንጂ ክንድን ቶሎ ያደክማል።

ልብሳችሁ የጥጥ ይሁን፤ ናይሎን ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፥ አጠገባችሁም የውኃ ባልዲ አይጥፋ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ግን ጥቁር ብረት ነው፤ መቅላቱን ትቶ ወደ ጥቁርነቱ የተመለሰ ብረት 400 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን በዚህ ያልተቃጠለ የለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ከ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ የሚሠራ መንጠቆ ይሁን። ብረቱ 700 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ከ950 እስከ 1000 ድረስ ብርቱካን ይመስላል፤ ወደ 1100 ሲጠጋ ቢጫ ይሆናል። መቀጥቀጥ የሚገባው ከብርቱካን እስከ ቢጫ ባለው ቀለም ነው። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል፤ ሊድን አይችልም። ጠቆር ወዳለው ቀይ ሲመለስ ደግሞ መምታቱን ትቶ ወደ እሳቱ መመለስ ነው።

ጫፉን ማሾል ስንፈልግ ክቡን ብረት እያዞርን እንዲሁ መምታት ስሕተት ነው፤ ውስጡ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ አራት ማዕዘን እናደርገዋለን፤ እንዲሁ አራት ማዕዘን እንደ ሆነ እናሾለዋለን፤ ከዚያ ማዕዘኖቹን መትተን ስምንት እናደርጋቸዋለን፤ በመጨረሻ እናከበዋለን። የሾለውን በመስፉ ጠርዝ ላይ ስናጎብጠው መንጠቆው ተሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራችን መሮ ነበር፤ ያዋረደንም እርሱ ነው። ፌሮ ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ ስለት አይይዝም። ስለዚህ ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ያለበትን የመኪና ባሌስትራ አግለን ቆረጥን፥ ቀጥቅጠንም አሾልነው። መማሪያ መጽሐፋችን እንደሚለው ማግኔት የማይስበው እስኪሆን፥ ማለትም ከ770 ዲግሪ በላይ አግለን፥ ሁለመናውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨመርነው። በመጀመሪያው የመዶሻ ምት ጫፉ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ።

ስባሪውን ይዘን በከተማው ዳር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ሄድን። አዩትና ፈገግ አሉ።

«ልጆቼ፥ ብረቱን አስቆጣችሁትና ሳታበርዱት ሄዳችሁ» አሉን።

ከዚያም ሌላ የባሌስትራ መሮ አግለው ጫፉን ብቻ፥ ሁለት ጣት ያህል፥ በዘይት ነከሩት። ቶሎ አውጥተው ጫፉን በድንጋይ ፈገፈጉና በጥላው ውስጥ ዝም ብለው ይመለከቱት ጀመር። ከኋላ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲመጣ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ ታየ፤ ቀጥሎ ቡናማ፥ ከዚያም ሐምራዊ። ሐምራዊው ጫፉ ላይ ሲደርስ ሁሉንም ነከሩት። ያ መሮ ዛሬም እኛ ዘንድ አለ፤ አልተሰበረም።

በኋላ መጽሐፋችንን ገልጠን አየን። የገለባው ቢጫ ወደ 230፥ ሐምራዊው ወደ 280፥ ሰማያዊው ወደ 300 ዲግሪ ነው። በድንገት የቀዘቀዘ ብረት በጣም ጠንካራ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል፤ እንደ ገና በመጠኑ ሲሞቅ ከጥንካሬው ጥቂት ቀንሶ ጽናት ያገኛል። ለቢላዋ ቢጫው፥ ለመሮ ሐምራዊው፥ ለመለጠጫ ብረት ሰማያዊው ይስማማል። እኛ በቁጥር የምናውቀውን እርሳቸው በዓይናቸው ያውቁታል፤ ልዩነቱ የእርሳቸው መሮ አለመሰበሩ ነው።

ስንሰናበታቸው፥ ይህን ሥራ ለልጅዎ አስተምረውታል ወይ ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጄ ትምህርት ቤት የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ሲሉት ነጋዴ ነው ይላል» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኛም የምንመልሰው አጣን።

ዐፄ ምኒልክ ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አዋጁ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ልጅ በአባቱ እጅ እንዲኮራ ግን ማድረግ የሚችለው የሌላው ሰው አስተያየት ነው። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፥ እናቶቻችን ሽንኩርት የሚከትፉበትን ቢላዋ የሚሠራውን ሰው በቡዳነት እያማን፥ በክፍል ውስጥ ስለ ብረት ጠባይ ማርክ መሰብሰባችን ትምህርታችን ግማሽ መሆኑን ያመለክታል።

ስለዚህ ምክራችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ጥግና ጥላ ያላችሁ ምድጃ ሥሩ፤ መንጠቆ ጀምሩ። ሁለተኛ፥ መሮአችሁ ሲሰበር ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመሮጣችሁ በፊት በሠፈራችሁ ወዳለው አንጥረኛ ሂዱ። ስትሄዱም እንደ ደንበኛ ሳይሆን እንደ ተማሪ ሂዱ፤ ልጁም ቆሞ ይያችሁ።